እርሾ ይዘን ወደ ደጋ

ከሎስ አንጀለስ ስንወጣ መኪናው ውስጥ ከጫንነው ዕቃ ሁሉ ባለቤቴ የምትሳሳላት አንዲት ሃይላንድ እርሾ ነበረች። አክስቷ ናቸው የሰጧት። የሚኖሩት ፌርፋክስ፣ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተማው በይፋ «ሊትል ኢትዮጵያ» ካለው ሰፈር አጠገብ ነው። ሲሸኙን «ክዳኑን እንዳታጠብቁት፣ ይተንፍስ» አሉን። እኔ ደግሞ መኪናው እንዳይሸት ብዬ፣ ሳታየኝ ጥርቅም አደረግኩት።

አሥራ አንድ ዓመት የባሕር ዳር ሰው ሆኜ ኖሬያለሁ። የጣናውን ማለቴ አይደለም፤ የፓስፊኩን። እዚያ ክረምት ማለት ማታ ማታ ሹራብ መደረብ ነው። ኪራዩ ባያባርረን ኖሮ የምንነሳም አይመስለኝም። ኦሮራ፣ ኮሎራዶ፣ ከዴንቨር አጠገብ ዘመድ ስላለን ወደዚያው አልን። ኅዳር ላይ መሆኑን ያሰብንበት ዕቃ ከጫንን በኋላ ነው።

መንገዱ ከ1,000 ማይል ትንሽ ያልፋል። በሦስት ቀን ከፋፈልነው። ሞሃቬ በረሃ መሀል ቤከር የምትባል ሚጢጢ ከተማ አለች። 134 ጫማ ቁመት ያለው ቴርሞሜትር ቆሞባታል። ቁመቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ1913 እ.ኤ.አ. ዴዝ ቫሊ ውስጥ የተመዘገበውን 134 ዲግሪ ፋራናይት ለማስታወስ ነው። እኛ ስናልፍ 78 ይላል። ባለቤቴ ፎቶ አነሳችውና «ተሰናበተው» አለችኝ። ቬጋስ ጓደኛችን ቤት አደርን። ክትፎ በላን። ስለ ቬጋስ ሌላ የምለው የለኝም።

ዩታ ግን ሌላ ዓለም ነው። ከሳላይና እስከ ግሪን ሪቨር 110 ማይል ያህል ማደያ የለም። ቀይ ድንጋይ፣ ገደል፣ ሰማይ፣ በቃ። ምልክቱ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። እኔም ታንከሩን ሞልቼ ነው የገባሁት። ቢሆንም ሙሉውን መንገድ ዓይኔ ከቤንዚን መለኪያው ላይ አልተነሳም።

ሁለተኛውን ሌሊት ግራንድ ጃንክሽን አደርን። እርሾዋን መኪና ውስጥ ረሳናት። ጠዋት ስንወጣ የፊት መስታወቱ በውርጭ ነጭ ሆኗል። መፋቂያ የት አለን? በባንክ ካርድ ፋቅኩት። ከዚያ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት። እርሾዋ ደግሞ ባለቤቴ እግር ስር፣ ሙቀቱ በሚወጣበት ፊት ለፊት ተቀምጣለች።

ግሌንውድ ካንየንን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ የቺፕሱ ከረጢት ትራስ መስሎ ተነፋ። ሳቅንበት። ቬይል ፓስ፣ 10,662 ጫማ ላይ፣ «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማን።

«ጎማ ነው! ጎማ ነው!» አለች።

ዳር ይዤ ቆምኩ። ጎማ አልነበረም። ክዳኑ ተስፈንጥሮ ጣሪያውን መትቷል። እርሾው መስታወቱ ላይ፣ ጃኬቴ ላይ፣ ጭኗ ላይ አጥፋው የያዘችው ጋቢ ላይ። ያለን ብቸኛ ጋቢ እሱ ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ። ክዳኑን አንስታ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ማን ነው ያጠበቀው?»

ዝም አልኩ። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። እርሾ ደግሞ ራሱ ጋዝ ይሠራል፣ ያውም ከታች እየተሞቀ። ይህን ሁሉ አሁን ሳስበው ይገባኛል። ያኔ የገባኝ ሃይላንዷ እውነተኛ ሃይላንድ ላይ መፈንዳቷ ብቻ ነው። ይህን ቀልድ ጮክ ብዬ አልተናገርኩትም። ሥሩ ላይ ሁለት ጣት የምታህል ቀርታ ነበር። እስክንገባ ድረስ በእጇ ይዛት ሄደች።

ቀጥሎ የመስታወት ማጠቢያው እምቢ አለ። ውስጡ ያለው ተራ የቧንቧ ውሃ ነው፤ በረዶ ሆኗል። የጭነት መኪኖቹ ጨው የበላ ጭቃ ይረጩብናል። መጀመሪያ ያገኘነው ማደያ ገብቼ ሰማያዊውን፣ የማይረጋውን ፈሳሽ ገዛሁ። ሻጩ ታርጋችንን አየና ፈገግ አለ።

አይዘንሃወር መሿለኪያ 3,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ ከእንጦጦ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ነች፤ ከአዲስ አበባ ከ700 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። «እኔ የሸገር ልጅ ነኝ፣ ይቺ ለእኔ ቆላ ነች» ብዬ ጎረርኩ። ሶፋውን ሁለተኛ ፎቅ ሳወጣ ደረጃው መሀል ቁጭ አልኩ። ሳንባዬ አሥራ አንድ ዓመት ባሕር ሲለምድ ኖሯል ለካ።

ጎረቤታችን ጋሼ፣ እዚህ ሃያ ዓመት የኖሩ ናቸው፣ ከላይ ሆነው አዩኝ። «ውሃ ጠጣ ልጄ። ቅዝቃዜው አይደለም የሚያስቸግርህ፣ ድርቀቱ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። በሳምንቱ አፍንጫዬ ደማ። ከንፈሬ ተሰነጠቀ። የበር እጀታ በነካሁ ቁጥር ይነዝረኛል። ስኖው ግን እንደፈራሁት አልሆነም። ማታ ይጥላል፣ በማግስቱ ፀሐዩ ቦግ ይልና በሁለት ቀን ያልቃል። የእኛ መኪና ማቆሚያ ግን በሕንፃው ሰሜን በኩል ነው። ፀሐይ አይደርሰውም። ሌላው ሰፈር ደርቆ እኛ ጋ እንደ ዳክዬ እየተንገዳገድን ነው የምንሄደው።

ከተረፈችው እርሾ ባለቤቴ ሊጥ አቦካች። ኤል ኤ ቢሆን በሁለት ቀን ያልቅ ነበር። እዚህ ሦስተኛው ቀንም ዝም አለ፤ ላዩ ላይ ውሃ እንኳን አልያዘም። አክስቷ ጋ ደወለች።

«ሙቀት ስጪው እንጂ!» አሉ። «እርሾው በዛ ያለ አልነበረም እንዴ?»

አየችኝ። አልተናገረችብኝም።

አሁን ባልዲው ማሞቂያው አጠገብ፣ ያንኑ ጋቢ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ዛሬ ጠዋት ከፈት አድርጋ ጠራችኝ፤ ጥቃቅን አረፋ ጀምሯል። ውጭ 19 ዲግሪ ፋራናይት ነው። እኛ ጃኬት ለብሰን ቡና እንጠጣለን፣ ጋቢው የሊጡ ነው።