ከሹፌሩ ጀርባ ስተኛ

ባለቤቴ ከዳላስ ሎስ አንጀለስ ጭነት ያመላልሳል። እረፍት ሲኖረኝ አብሬው እወጣለሁ። ዝም ብሎ ተሳፍሮ መሄድ ግን የለም፤ ኩባንያው ስሜን፣ ከየት እስከ የት እንደምሄድና ፈቃዱ እስከ መቼ እንደሚያገለግል በጽሑፍ መስጠት አለበት።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ እንቅልፉ ነው። በጭነት መኪናው ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ከላይና ከታች አልጋ አለ፤ መኪናው እየሄደ የምተኛው የታችኛው ላይ ብቻ ነው። የላይኛው ለቆመ መኪና ነው። ከዚያ መረቡን እስባለሁ። የአልጋውን ፊት ይሸፍንና ልክ እንደ መቀመጫ ቀበቶ ቀጭ ብሎ ይቆለፋል።

መረቡ ለጌጥ አይደለም። የአሜሪካ ሕግ ከሐምሌ 1971 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠሩ ባለ አልጋ የጭነት መኪኖች ላይ የተኛውን ሰው ከአልጋው እንዳይወረወር የሚይዝ ነገር ያስገድዳል። ወደ ፊት የሚስብ 6,000 ፓውንድ ኃይል መቻል አለበት። ብዙ ይመስላል፤ ፍሬን በኃይል ሲያዝ ከፍራሹ ላይ የተንሸራተተ ሰው ግን ይገባዋል። ፍራሹ ሥር ጠቅልለው የረሱት ሹፌሮች አሉ፤ እነሱ ያናድዱኛል።

እህቴ ትንሹን ልጇን «አንቺ ጋ ይተኛ» ስትለኝ እምቢ አልኳት። መረቡ ለሕፃን የተሠራ አይደለም። ልጅ በራሱ መቀመጫ ታስሮ ነው የሚሄደው።

ጀበናዬም ቁምሳጥን ውስጥ ትቆለፋለች፤ ካልሆነ የምትወረወረው ወደ ሹፌሩ ማጅራት ነው። ከሰልማ ቆመንም ቢሆን ጋቢና ውስጥ አይታሰብም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ተኝተሽ ይገድልሻል። ቡና ሲያምረን ወርደን፣ ውጭ በትንሿ የጋዝ ምድጃ እናፈላለን።