ለልብ ተብሎ የተላከው ቫይታሚን

በልብ ሕሙማን ክትትል ክፍል ነርስ ነኝ። ይሄ ታሪክ የደረሰው በእኔ እጅ ነው። ባሰብኩት ቁጥር ሆዴ ይንቦጫቦጫል።

ልጅቷ 26 ዓመቷ ነው። ከእናቷ ጋር ከደብረ ብርሃን ነው የምትመጣው። በልጅነቷ ጉሮሮዋን እየታመመች በደንብ ሳትታከም ቀረች። እንጥሏን አስቆረጧት እንጂ ፔኒሲሊን አላገኘችም። ያ ሕመም ውሎ አድሮ ሩማቲክ ሆኖ የልቧን በር አጠበበው። በመጨረሻ በቀዶ ሕክምና ሰው ሠራሽ ቫልቭ ተተካላት። ደም እንዳይረጋበት ዕድሜ ልኳን ዋርፋሪን ትውጣለች። የደሟን የመርጋት ሁኔታ የሚለካው አይ ኤን አር ለእሷ ዓይነት ቫልቭ ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን አለበት፤ ቁጥሩ ሲወርድ ደሙ ቶሎ ይረጋል ማለት ነው።

የእሷ ለወራት 2.8፣ 3.0 እያለ ቆይቶ በድንገት 1.7 ወረደ። ሁዳዴ ስለነበር ጎመን ነው ብዬ ደመደምኩ። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ያዳክማል።

«ጎመን አብዝተሻል አይደል?»

«ኧረ ሲስተር፣ እንደ በፊቱ ነው የምበላው።»

አላመንኳትም። ቆጣም አልኩ። «ሌላ መድኃኒትስ ትወስጃለሽ?» ስላት «አልወስድም» አለች። ካርዷ ላይ «ሌላ መድኃኒት የለም» ብዬ ጻፍኩ። ሐኪሙ ዋርፋሪኑን ጨመረላት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትመለስ 1.6 ሆነ። መድኃኒት ተጨምሮ መውረዱ ግራ ገባን። እናትየው እጄን ያዝ አደረጉኝና ቀስ ብለው «ልጄ፣ ያቺን የልቧን ቫይታሚን ሁለት ሁለት እናድርግላት ይሆን?» አሉኝ። ከፌስታላቸው ነጭ ብልቃጥ አወጡ። ትልቋ ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችው ነው።

ብልቃጡ ላይ በትልልቁ ሴሌኒየም፣ ዚንክ፣ መዳብ፣ ማንጋኒዝ ይላል። መስኮቱ ጋ ወስጄ አገላበጥኩት። ከታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ «ቫይታሚን ኬ፣ 80 ማይክሮግራም» ተጽፏል። ልጅቷ አልዋሸችኝም። መድኃኒት ነው የጠየቅኳት፤ እሷ ደግሞ ቫይታሚን ነው የምትወስደው።

ወዲያው ለሐኪሙ አሳየሁት። ደም ቫልቩ ላይ ቢረጋ ቫልቩ ሊያዝ፣ ወይም የረጋው ደም ወደ ጭንቅላት ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ደም የሚያቀጥን መርፌ ተጀመረላት። ብልቃጡ ቆመ። የተጨመረው ዋርፋሪንም ወደ ቀድሞው ተመለሰ፤ እሱ ባይቀነስ ኖሮ ቫይታሚኑ ሲቆም ደሟ ከልክ በላይ ይቀጥን ነበር።

ማታ እህትየው ደወለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። የማዕድን እጥረት የልብ በር ያበላሻል፣ ማዕድኑ ሲተካ በሩ ይድናል የሚል ቪዲዮ አይታ ነው። በፍቅር ነው የላከችው፣ ልቆጣት አልቻልኩም። ነገሩ ከመሬት የተነሣ እንዳልሆነም ነገርኳት። ቻይና ውስጥ ኬሻን በሚባል አካባቢ በ1935 እ.ኤ.አ. የታወቀ የልብ በሽታ አለ፤ አፈሩ ሴሌኒየም ስለሚያንሰው የነዋሪው ምግብም ያንሰዋል። ግን ያ በሽታ የሚጎዳው የልብን ጡንቻ ነው። የእህቷ በር የጠበበው ግን በሩማቲክ ጠባሳ ነው፤ ጠባሳን የሚያሟሟ ማዕድን ደግሞ የለም። ዕድሜዋን ሙሉ የሴሌኒየም ኪኒን ብትውጥ ያ በር አይከፈትም ነበር።

ማዕድን ለቫልቭ ሕመምተኛ ምንም አያገባውም ማለቴ አይደለም። ሰው ሠራሽ ቫልቭ አንዳንዴ ቀይ የደም ሴሎችን ይሰባብራል፣ ብረትም በሽንት ይወጣል። የብረት እጥረት መኖሩ በደም ምርመራ ከታወቀ ይታከማል። የእሷን አስመረመርን፤ ደህና ነው።

«ታዲያ ምን ልላክላት?» አለችኝ እህቷ። ለአይ ኤን አር ምርመራውና ለመንገዱ ላኪላት አልኳት። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ እናትየው ለካ ገንዘብ እያጡ ቀጠሮ ያዘልሉ ነበር።

እኔም ከዚያ ወዲህ «ሌላ መድኃኒት አለ?» ብዬ አልጠይቅም። «ቤት ያለውን የሚዋጥ፣ የሚጠጣ፣ የተላከላችሁን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ» እላለሁ። በሚቀጥለው ቀጠሮ እናትየው ፌስታላቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። ዋርፋሪን፣ ጥቁር አዝሙድ፣ አንድ እፍኝ የደረቀ ጤና አዳም።

«ይሄም ይጻፋል?» አሉኝ።

«ይጻፋል፣ እማማ» አልኳቸው። አይ ኤን አሯ 2.9 ነበር።