ካሌንዱላ፦ ለቅባት ሙሉው አበባ፣ ለምግብ የአበባ ቅጠሉ ብቻ

ካሌንዱላ ለቆዳ ቅባትና ለምግብ የሚያገለግል አበባ ነው። ከእሱ ዘይት የሚያዘጋጁ ብዙዎች ብርቱካናማዎቹን የአበባ ቅጠሎች ለቅመው አረንጓዴውን እምብርት ይጥሉታል። ትልቅ ብክነት ነው። ለቆዳ የሚፈለገው ሙጫ በብዛት ያለው እዚያው ነው፤ አበባው ሲቀጠፍ ጣት ላይ የሚጣበቀው እሱ ነው።

የሚቀጠፈው ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ አበባው ሙሉ በሙሉ ፈክቶ ሳለ ነው። ጥላ ውስጥ ይሰጣ፤ ፀሐይ ቀለሙን ያጠፋዋል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የአበባ ቅጠሎቹ ቶሎ ስለሚደርቁ አበባው ሁሉ የደረቀ ይመስላል፣ እምብርቱ ግን ገና እርጥብ ነው። በጣት ሲያዙት ቀጭ ብሎ ካልተሰበረና ከታጠፈ አልደረቀም። ለማረጋገጥ በተከደነ ብርጭቆ ዕቃ 3 ቀን አቆዩት፤ ግድግዳው ላይ ላብ ካበጀ አውጥታችሁ እንደገና አስጡት። ዘይቱን የሚያሻግተው ይህ የተደበቀ እርጥበት ነው።

20 ግራም ደረቅ አበባ 200 ሚሊ ሊትር የወይራ ወይም የሱፍ ዘይት ውስጥ ይነከራል፤ ከዘይቱ በላይ ብቅ የሚል አበባ እንዳይኖር። ሞቅ ባለ ጨለማ ቦታ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። የቸኮለ ሰው ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ 3 ሰዓት ያህል ያሞቀዋል። ዘይቱ ከ60 ዲግሪ አይለፍ፤ አበባው ቡናማ ከሆነና የጥብስ ሽታ ካመጣ አርሯል። በስስ ጨርቅ ከተጠለለ በኋላ ሌሊቱን ይረፍ፣ ከታች የዘቀጠው አይጨመር። ለ100 ሚሊ ሊትር ዘይት ከ15 እስከ 20 ግራም የንብ ሰም ቢቀልጥበት ለደረቀ እጅና ለተሰነጠቀ ተረከዝ የሚሆን ቅባት ይወጣዋል። ጥልቅ ወይም መግል የያዘ ቁስል ላይ ግን አይቀባም።

ለምግብ ነገሩ ይገለበጣል፤ እምብርቱ ስለሚመር የአበባ ቅጠሎቹ ብቻ ይነቀላሉ። ቀለማቸው በስብ እንጂ በውሃ እምብዛም አይሟሟም። ስለዚህ መጀመሪያ በቅቤ ለስለስ አድርጋችሁ አሙቋቸው፣ ሩዙ ከዚያ ይግባ። የሳፍሮን ቅመምን ጣዕም ግን አትጠብቁ፣ የሚሰጡት ቀለም ነው።

ለአፍና ለጉሮሮ መቆጣት ከ1 እስከ 2 ግራም ደረቅ አበባ በ150 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ተከድኖ 10 ደቂቃ ይቆይና ተጠልሎ ለብ ሲል ይጉመጠመጡበታል። በሳምንት ውስጥ ካልተሻለ ሐኪም ይየው። ለካሞሚል ወይም ለዴዚ አበባ አለርጂ ያለበት ሰው ካሌንዱላን አይንካ፤ ነፍሰ ጡርም አትጠጣው።

በመልክ የሚመሳሰለው ታጌተስ ሌላ ተክል ነው። የእሱ አረንጓዴ ቅጠል እንደ ላባ የተከፋፈለና ሽታው ኃይለኛ ሲሆን፣ የካሌንዱላ አረንጓዴ ቅጠል ያልተከፋፈለና ጠጉራም ነው፤ ዘሩም እንደ ጥፍር የተቆለመመ ነው። ለጌጥ የተሸጠ አበባ ፀረ ተባይ ሊኖርበት ስለሚችል ለቅባትም ለምግብም ለመጉመጥመጫም አይሆንም።