የፕላንክስቲ የመጀመሪያ አልበም እና የእኛ ክራር

ሰሞኑን ከአንድ አልበም ጋር ነው ውዬ የማድረው። ፕላንክስቲ የተባለ የአየርላንድ የባህል ሙዚቃ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የአልበሙም ስም እንደ ባንዱ ፕላንክስቲ ነው፤ ሽፋኑ ጥቁር ስለሆነ ግን አድናቂዎቹ ጥቁሩ አልበም ይሉታል። ክራር የሚወድ ሰው ሁሉ አንዴ ቢሰማው ደስ ይለኛል።

በዚህ አልበም ላይ ባንዱ አራት ሰው ነበር። ክሪስቲ ሙር ይዘፍናል፣ ጊታር ይመታል። ዶናል ለኒ ቡዙኪ፣ አንዲ አርቪን ማንዶሊን የሚባሉ የገመድ መሣሪያዎችን ይጫወታሉ፤ አርቪን ይዘፍናልም። ሊያም ኦፍሊን ደግሞ ኢለን ፓይፕ የሚባለውን የአየርላንድ የትንፋሽ መሣሪያ ይነፋል። አራቱ የተሰባሰቡት ሙር በ1972 ለወጣው ሁለተኛ የግል አልበሙ ሲጠራቸው ነው። አንድ ላይ ሲጫወቱ የሰሙት ነገር ስለጣማቸው እዚያው ባንድ ሆነው ቀሩ።

ይነፋል አልኩ እንጂ ኦፍሊን አፉን አይጠቀምም። ቁጭ ብሎ በአንድ ክንዱ ወናፍ ይጫናል፣ በሌላው ክንዱ በብብቱ ሥር ያለውን የአየር ከረጢት ይጨምቃል፣ ጣቶቹ ዜማውን ይጫወታሉ። የዋሽንት ተጫዋች ትንፋሽ ለመሳብ ማቆም አለበት፤ ይሄኛው ግን ድምፁ ሳይቆረጥ ይፈስሳል።

የመጀመሪያውን ትራክ ስሙት። የባላባት ሚስት ቤት ንብረቷን ጥላ ከጂፕሲዎች ጋር የምትሄድበት የድሮ ዘፈን ነው፤ ሙር ያገኘው ጆን ራይሊ ከሚባል፣ በ1969 ከሞተ ተጓዥ ዘፋኝ ነው። ቃሉ ሲያልቅ ዘፈኑ ያለቀ ይመስላችኋል፣ ግን አላለቀም፤ ገመዶቹ ሳይቆሙ ቀስ ብለው ወደ ሌላ ዜማ ያልፋሉ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ አንድ ዓይነ ስውር በገና ደርዳሪ ወደ ሠራው ዜማ፣ ከዚያ የኦፍሊን ፓይፕ ይገባል። እዚህ ቦታ ስደርስ ሁሌም ውርር ያደርገኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በድሮው የአየርላንድ ባህል ዘፋኝ ብዙ ጊዜ ያለ አጃቢ ብቻውን ይዘፍናል፤ የጭፈራ ዜማ ሲሆን ደግሞ ሁሉም መሣሪያ ያንኑ አንድ ዜማ ይጫወታል። የእኛም ማሲንቆ የአዝማሪውን ድምፅ እየተከተለ ነው የሚሄደው። ለኒና አርቪን እዚህ ላይ አዲስ ነገር አመጡ። ሁለቱ የገመድ መሣሪያዎች የየራሳቸውን መንገድ ይዘው ይሄዳሉ፣ ይጠላለፋሉ፣ ይለያያሉ፣ ድምፃዊውን ግን አንድም ጊዜ አይሸፍኑትም። ቡዙኪ ራሱ የግሪክ መሣሪያ ነው፤ ጆኒ ሞይኒሃን የተባለ ሙዚቀኛ በ1960ዎቹ ነው ወደ አየርላንድ ሙዚቃ ያስገባው። ማለቴ፣ ከውጭ መውሰድን አልፈሩም። የወሰዱት ግን ባህላቸውን የሚያጎላ ነገር ነው።

እኛ ጋ የባህል ዘፈን ተብሎ የሚለቀቀውን ስሰማ ያናድደኛል። ክራሩ መግቢያ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ይሰማል፣ ከዚያ ኪቦርድ ይመጣበትና ይጠፋል፤ ክሊፑ ላይ ግን ክራር የያዘ ልጅ ቆሞ ሲወዛወዝ ታያላችሁ። ክራር ብቻውን ደካማ ነው የሚል ሰው አስናቀች ወርቁን ይስማ። ችግሩ ያለው ቅንብሩ ላይ ነው።

ስሜቱ ደግሞ ቅርባችን ነው። በ1580 በአየርላንድ ግሌንማሉር ስለተደረገው ጦርነት የሚዘፍኑት ዘፈን በግጥምም በምትም ቁርጥ ፉከራ ነው፤ ቋንቋው ሳይገባን ደማችን ይሞቃል። አርተር ማክብራይድ የሚለው ደግሞ ወታደር መልማዮችን እምቢ ስላሉ ሁለት ሰዎች ነው። አርቪን ስለ አየርላንዷ ክሌር ባሕር ዳርቻ የሚዘፍነው ደግሞ ትዝታ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ስለ ለንደኑ ቴምዝ ወንዝ ያለውን ዘፈን ብዙም አልወደድኩትም፣ ለእኔ ትንሽ ይጎተታል።

ሀዋሳ፣ አሞራ ገደል አካባቢ የሚኖር ክራር ተጫዋች ጓደኛ አለኝ። አልበሙ ላይ ካሉት የካሮላን ዜማዎች አንዱን መረጠና ክራሩን አነሳ። ካሮላን ከ1670 እስከ 1738 የኖረ ዓይነ ስውር በገና ደርዳሪ ነው፤ ከባላባት ቤት ባላባት ቤት እየዞረ ይጫወት ነበር። የክራር ስድስት ገመድ የሚቃኘው በአምስት ድምፅ ስለሆነ ዜማው ሙሉ በሙሉ አልወጣለትም። የጎደሉትን ድምፆች እየዘለለ ሲጫወተው ግን ዜማው አልጠፋም፣ እንዲያውም ሌላ ጣዕም አገኘ። ደጋግሞ ተጫወተው፣ እኔም አልጠገብኩም።

አሁን አንድ ነገር አስበናል። ሁለት ክራር፣ አንዱ ወፈር ያለ ድምፅ ያለው፣ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ዋሽንት፣ አንድ ከበሮ። ኪቦርድ የለም። ክራሮቹ አንድ ዜማ ሳይሆን የየራሳቸውን ይጫወታሉ፣ ዘፋኙም ከላይ ይሆናል። ክራሮቹ አሉ፣ ከበሮም አናጣም። ሀዋሳ ውስጥ ማሲንቆ ወይም ዋሽንት የምትጫወቱ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ አልበሙን ይዤ እመጣለሁ፣ መጀመሪያ አብረን እንሰማዋለን።