ሦስት ጊዜ የተሳቀ ቀልድ

እሑድ ማለዳ ነው። ሙቀቱ ሳይበረታ የትናንቱን ምሽት ልጽፍ በረንዳው ላይ ተቀምጫለሁ።

እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በአንድ ጠባብ አዳራሽ ወጣቶች የቀልድ ምሽት አዘጋጅተው ነበር። ከወጡት ሁሉ የመጋላ ሰፈሩ ልጅ ልቤን ወሰደው። በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ እያቀላቀለ ስለ ከተማችን ስም ያወራል። «ሶማሌው፣ አባታችን ድር ጦሩን የተከለባት ናት፣ ስለዚህ የእኛ ናት ይላል። ኦሮሞው፣ ድሬ ማለት ሜዳ ነው፣ ስሟ ራሱ ይመሰክራል፣ የእኛ ናት ይላል። አማራው ደግሞ ባቡሩ ባይመጣ ከተማ የት ነበረች ይላል። ግንቦት ላይ በቀትር መብራት ሲጠፋ ግን ሁላችንም አንድ ቃል ነን፦ ያንተው ናት፣ ውሰዳት!»

የመጨረሻዋን ቃል የተናገራት በሶማሊኛ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ሶማሊኛ ተናጋሪዎቹ ካሉበት ከቀኝ በኩል ሳቅ ፈነዳ። ቀጥሎ ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ ተቀበሉት። እኔ ገና «ምን አለ?» እያልኩ ስጠይቅ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ድርያ የሚባለውን የሶማሌ ቀሚስ የለበሱ እናት በሻሻቸው ጫፍ እንባቸውን እየጠረጉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና «ያንተው ናት፣ ውሰዳት ነው ያለው፣ ልጄ» አሉኝ። እኔ ስስቅ እሳቸውም እንደ አዲስ አብረውኝ ሳቁ። ከዚያ በፊት አንድም ቃል አልተለዋወጥንም ነበር።

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት ድሬዳዋ። አረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑና ሕንዱ ሳይቀሩ ተቀላቅለው ኖረውባታል። እንዲህም ሆኖ ባለፉት ዓመታት ክፉ ወሬ በሰማን ቁጥር ሻይ ቤት ውስጥ ድምፃችንን ዝቅ ማድረግ፣ ከመናገራችን በፊት አጠገባችን ያለው ማን እንደሆነ ማየት ለምደናል። ይህ ነገር ያመኛል።

አዳራሹ ውስጥ ግን የቆየ ጥፋቴ ትዝ አለኝ። ከሦስት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤት ውስጥ የአንድ ሶማሌ ባልደረባችንን አማርኛ እያስመሰልኩ ጓደኞቼን አስቅ ነበር። እሱ ድንገት ገባ። ሁላችንም ዝም አልን። «ለእኔም ንገሩኝ እንጂ፣ ልሳቅ» አለ ፈገግ ብሎ። አንዳችንም መናገር አልቻልንም። ወረቀቱን አንስቶ ወጣ። ያቺ ጥያቄው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ቶማስ ፎርድ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ያጠናውን ሳነብ ራሴን አየሁበት። አንድን ወገን የሚያዋርድ ቀልድ በሰሚው ልብ ውስጥ አዲስ ጥላቻ ላይፈጥር ይችላል፤ ቀድሞ ጥላቻ ላለበት ሰው ግን «ይህን ማድረግ ይፈቀዳል» ብሎ በሩን ይከፍትለታል። እኔ ያን በር ስንት ጊዜ ከፍቼው ይሆን?

በሌላ በኩል በምዕራብ አፍሪካ ቀልድን የዝምድና ሥርዓት ያደረጉ ሕዝቦች አሉ። ማሊ ውስጥ ኬይታ እና ኩሊባሊ የሚባል የቤተሰብ ስም ያላቸው ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ «አንተ ባቄላ በላ!» ይባባላሉ፤ መቀየም ነውር ነው። የኒጀርን ይህን መሰል ልማድ ዩኔስኮ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ከሁሉም የወደድኩት ተሰዳቢው እዚያው ፊት ለፊት መቆሙን፣ መልስ የመስጠት ተራም ያለው መሆኑን ነው። እኔ ለባልደረባዬ ያን ተራ ነፍጌው ነበር። የመጋላው ልጅ ግን ሦስታችንንም ፊታችን ላይ ነካን፣ የራሱን ወገንም አስቀድሞ ነካ፤ አንድም ሰው አንገቱን አልደፋም።

ቀልድ የመሬት ክርክርን አይፈታም፣ የሞተንም አያስነሳም። ይህን አውቃለሁ። የእነዚያን እናት ወደ ጆሮዬ መጠጋት ግን በአንድም ስብሰባ ላይ አይቼው አላውቅም።

ሰኞ ማታ የተጨመረ፦ ዛሬ ጠዋት ወደ ባልደረባዬ ጠረጴዛ ሄድኩ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ያቺን ቀን እሱም አልረሳትም ነበር። ከዚያ የልጁን ቀልድ ነገርኩት፤ የመጨረሻዋን ቃል እንደ ልጁ በሶማሊኛ ልላት ሞከርኩ። እስኪበቃው ሳቀና አነጋገሬን አረመኝ፤ ሦስት ጊዜም ደጋግሞ አስባለኝ።