ስፔስ ባሩ ለሁለት የተከፈለ ኪቦርድ ፍለጋ

ቶኪዮ የሄድኩት ለሥራ ነው። ስለ ሥራው የሚወራ ነገር የለም። ስብሰባው እንዳለቀ የቀረኝን ጊዜ በሙሉ ለኤሌክትሮኒክስ ሰፈሩ ለአኪሃባራ ሰጠሁት። ባለቤቴ የፉጂን ተራራ ፎቶ ላክልኝ ብላ ነበር፤ የአሮጌ ኪቦርድ ፎቶ ላክሁላት። እስካሁን አልመለሰችልኝም።

አስቀድሜ ስለ አዳሩ ልናገር፣ ካልተነፈስኩት አይወጣልኝም። ገንዘብ ልቆጥብ ብዬ ካፕሱል ሆቴል ገባሁ፣ 4,000 የን አካባቢ። ያን ሰሞን አንድ የን ከአንድ ብር ጋር ሊተካከል ትንሽ ነው የቀረው፤ ዋጋ ባየሁ ቁጥር ማባዛት ማካፈል አልነበረብኝም። ይሄ በጣም ተመቸኝ። ንጽሕናውም ያስቀናል። ግን ከበላዬ የተኛው ሰውዬ ስልክ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ እያሰለሰ ይጮሃል። ያጠፋዋል፣ ይተኛል፣ ይጮሃል። እኛ ጋ ቢሆን «ኧረ ወንድሜ!» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም ነበር። እዚያ ሁሉም ዝም። እኔም እየተንጨረጨርኩ ዝም አልኩ።

አኪሃባራ ጣቢያ ስደርስ ዓይኔ ቀልቶ ነበር። ከባቡር ሐዲዱ ሥር ሬዲዮ ሴንተር የሚባል ቦታ አለ። ሱቆቹ እጅ ቢዘረጉ ግራና ቀኝ የሚነኩ ናቸው፤ ሽቦ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ጥፍር የሚያክል አምፖል። ምናለሽ ተራ ማዞር የለመደ ሰው እዚህ አይሰለቸውም። የጎደለው ክርክር ብቻ ነው። ዋጋው ተለጥፏል፣ በቃ። «የመጨረሻውን ንገረኝ» የሚባል ነገር የለም። ሳልከራከር የገዛሁት ዕቃ ደግሞ የኔ የኔ አይለኝም።

ሱየሂሮቾ አካባቢ ዩሻ ኮቦ የሚባል ኪቦርድ ለራሳቸው ለሚሠሩ ሰዎች የተከፈተ ሱቅ አለ። ወጣቶቹ ከየቁልፉ ሥር የሚገባውን ስዊች እየተጫኑ፣ ጆሮ ሰጥተው እያዳመጡ ይመርጣሉ። ደስ ይላል፤ ግን ሁሉም አዲስ ነው። እኔን ያመጣኝ አሮጌው ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። የጃፓኖች ካና እንደኛ ፊደል ነው፤ «ካ» ራሱን የቻለ ፊደል፣ «ኪ» ሌላ። ይሄን ሁሉ በላቲን ኪቦርድ ላይ ማስፈር ጭንቅ ነበር። የጃፓኑ ኩባንያ ፉጂትሱ እ.ኤ.አ. በ1980 ኦአሲስ 100 የተባለውን የጽሑፍ ማሽን ሲያወጣ መላ ይዞ መጣ። ፊደሎቹን 30 ቁልፍ ላይ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ደለደላቸው። ስፔስ ባር መሆን በነበረበት ቦታ ለሁለቱ አውራ ጣቶች ሁለት ቁልፍ አስቀመጠ። ቁልፉን ብቻ ስትጫኑ የታችኛው ፊደል ይመጣል። በዚያው ወገን ካለው አውራ ጣት ጋር አንድ ላይ ስትጫኑ የላይኛው። በተቃራኒው አውራ ጣት ከሆነ ደግሞ «ካ» የነበረው «ጋ» ይሆናል። ጣት ከመሃል ሦስት ረድፍ አይወጣም።

እኛም በዚህ ጭንቅ አልፈናል። ኢንጂነር አያና ብሩ ከሁለት መቶ በላይ ፊደል ከጽሕፈት መኪና ጋር ለማስማማት ሲለፉ፣ መፍትሔው ፊደሉን መትቶ ቅጥሉን ማስከተል ነበር። ዛሬ እነሱም እኛም ተሸንፈናል፤ አብዛኛው ጃፓናዊ ኮምፒውተር ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚተይበው፣ እኔም «ሰላም» ለማለት ላቲኑን ነው የምደበድበው። እነዚህን ኪቦርዶች የሚያሳድዱ ሰዎች እብድ የማይመስሉኝ ለዚህ ነው። እያንዳንዱ «ፊደላችን እንዲህ ነው መጻፍ ያለበት» ብሎ የተሟገተ ሰው ሥራ ነው።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ገባሁ። በር ላይ ቅርጫት ሙሉ ኪቦርድ አለ፣ ባለ 550 የን። ተበላሽቶ ቢገኝ መመለስ የለም። መስታወት ውስጥ ግን የኤንኢሲ ኩባንያ «ኤም ዓይነት» የሚባለው ኪቦርድ ተቀምጧል! የኩባንያው መሐንዲስ ማሳሱኬ ሞሪታ የነደፉት ነው። ቁልፎቹ ለሁለት ተከፍለው ወደ ውጭ ዘመም ብለዋል። ግራ እጅ አናባቢ፣ ቀኝ እጅ ተነባቢ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እያላችሁ ትሄዳላችሁ። ለአማርኛ የተሠራ እስኪመስለኝ ፈዝዤ ቀረሁ። 48,000 የን ይላል። ኪሴን ዳበስኩና ተውኩት።

ከጎኑ መደርደሪያ ላይ የፉጂትሱው ባለ አውራ ጣት ነበር፣ 16,500። ፕላስቲኩ ወደ ቢጫ ሄዷል። ሌላው ቁልፍ ሻካራነቱን አልለቀቀም፤ ሁለቱ የአውራ ጣት ቁልፎች ግን አልቀው ያብለጨልጫሉ። እየነካካሁት ሳለ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ቆሙ። የያዙትን የባሮ ሽንኩርት ፌስታል መሬት አኖሩና በምልክት «ልሞክረው?» አሉኝ። ገመዱ ከምንም ጋር አልተገናኘም፤ እሳቸው ግን መጻፍ ጀመሩ። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚመቱትን የሚያውቅ ሰው ታይፕ ሲባል ድብደባ ነው የሚመስለው። የሳቸው ክንድ አይነቃነቅም። ጣታቸው ብቻ።

በስልክ አስተርጓሚ እንደነገሩኝ ቢሮ ሳሉ ለዓመታት የጻፉበት እሱ ነው። ፉጂትሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ማምረት እንደሚያቆም ሲያስታውቅ አንድ መጠባበቂያ ገዝተው አስቀምጠዋል። ከዚያ የቀኙን አውራ ጣት ቁልፍ ደጋግመው ተጫኑና ፊታቸውን ቋጠሩ፤ ሲመለስ ይይዛል። ሻጩን ጠርተው አናገሩት። ልጁ ጓዳ ገብቶ ሌላ ይዞ መጣ፣ ዋጋው ያው። አመስግኜ ሳልጠግብ ሽንኩርታቸውን አንሥተው ሄዱ።

ማታ ደስታዬን ላከብር አንድ ትንሽ መጠጥ ቤት ገባሁ። ቢራ ሳዝ ያላዘዝኩት ትንሽ ሳህን አብሮ መጣ፣ የተቀቀለ አትክልት ነገር። ሒሳቡ ላይ 500 የን። «ልማዳችን ነው» አሉኝ። እንግዳ ፊት ሳይጠይቅ ምግብ አቅርቦ ማስከፈል! ከኪቦርዱ 16,500 ይልቅ ይሄ 500 አንገበገበኝ።

ኪቦርዱን ልብስ ውስጥ ጠቅልዬ በሴኡል በኩል ተመለስኩ። ቦሌ ሻንጣዬን ያስከፈተኝ የጉምሩክ ልጅ አገላብጦ አየው።

«ስፔሱ ተሰብሯል እኮ።»

«አልተሰበረም፣ ሲሠራም እንደዚሁ ነው።»

«አማርኛ ይጽፋል?»

«ሰባት ቤት በሁለት አውራ ጣት እንዴት እንደሚዳረስ እያሰብኩበት ነው።»

ቀና ብሎ ፊቴን አየ። ከዚያ አንዱን ቁልፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አደረገና «ድምፁ ግን አሪፍ ነው» ብሎ ሻንጣውን ዘጋልኝ።