ስትሮፕዋፍልና የተከደነው ቆርቆሮ

ከሆላንድ የተላከላቸውን ስትሮፕዋፍል የተባለ ባለሽሮፕ ብስኩት የቀመሱ የአዲስ አበባ ጓደኞቼ፣ «እናንተማ በየሰው ቤቱ ይህንን እየበላችሁ ቡና ትጠጣላችሁ፤ ምን ጎደላችሁ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ጣፋጭነቱን አልክድም። በትውልድ ከተማው በጋውዳ፣ በበጋው ወራት ሐሙስ ጠዋት የአይብ ገበያ በሚቆምበት አደባባይ ትኩሱን ያልቀመሰ ሰው፣ ስትሮፕዋፍል በላሁ ባይል ይሻለዋል። በእርሾ የተቦካው ሊጥ በጋሉ ብረቶች መካከል ተጨፍልቆ ይበስልና፣ ገና ሳይቀዘቅዝ በቢላዋ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ከቅቤ፣ ከቡናማ ስኳርና ከቀረፋ የተሠራ ወፍራም ሽሮፕ ተቀብቶበት መልሶ ይገጠማል። ሲጀመር የዳቦ ጋጋሪዎች ፍርፋሪ በሽሮፕ ተለውሶ የተሠራ የድሆች ምግብ ነበር ይባላል፤ የተረፈ እንጀራ ፍርፍር የምናደርግ እኛ ይህንን ብልሃት ልንንቀው አይገባም።

ጓደኞቼ የማያውቁት አቀራረቡን ነው። እንደመጣሁ ሰሞን አንዲት አረጋዊት ጎረቤቴ ቡና ጠሩኝ። ሰው ቤት ጠግቦ መሄድ ነውር ነውና ከነረሃቤ ሄድኩ። ቡናው ተቀድቶ የስትሮፕዋፍሉ ቆርቆሮ ሲቀርብልኝ፣ በወግ ያደግሁ ሰው እንደመሆኔ፣ «በሞቴ» እስክባል እየጠበቅሁ «አይ፣ ይቅርብኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ሴትዮዋ በፈገግታ «እሺ» ብለው ቆርቆሮውን ከደኑት። ለራሳቸው ያወጡትን አንዱን በትኩሱ ስኒ አፍ ላይ አስተኝተው፣ እንፋሎቱ ሽሮፑን እስኪያላላው ድረስ ስለ አየሩ ሁኔታ አጫወቱኝ። የቀረፋው ሽታ ይደርሰኝ ነበር፤ ወፍሉ ግን አልደረሰኝም። በሌላ ቀን ፈጥኜ እሺ ብል አንድ ደረሰኝና ክዳኑ ወዲያው ተመለሰ፤ ለአንድ ስኒ አንድ ብስኩት፣ አለቀ። ቄጤማ ጎዝጉዞ ከአቦል እስከ በረካ ለሚያስተናግድ ሕዝብ ልጅ ይህ ቀላል ውርደት አይደለም።

እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም። እቤቴ የተጋበዘ ሆላንዳዊ የሥራ ባልደረባዬ «ጠግቤያለሁ» ሲል ማንም አላመነውም፤ ባለቤቴ በላይ በላዩ እያጎረሰችው በላብ ተጠምቆ ተሰናበተን። ጎረቤቴ ቢያንስ ቃሌን አምነዋል።

ለመምጣት የምታስቡ ወንድሞችና እህቶች፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የመጤዎች ውህደት ሕግ ብዙዎችን ቢ1 የተባለውን መካከለኛ የሆላንድኛ ቋንቋ ደረጃ እንዲደርሱ ይጠይቃል፤ የቋንቋ ትምህርቱ ግን ይሉኝታን አያስጥላችሁም። ብስኩቱ እንኳ ቢቀር ግድ የለም። ነገር ግን አንድ የቢሮ ሠራተኛ «እርዳታ ትፈልጋለህ?» ሲላችሁ በትሕትና «አይ፣ ደህና ነኝ» ካላችሁ፣ «አይፈልግም» ብሎ ጽፎ ፋይሉን ይዘጋዋል፤ ሁለተኛ የሚለምናችሁ የለም። የምትፈልጉትን በመጀመሪያው ጥያቄ ተናገሩ። ጾመኞች ከሆናችሁ ደግሞ፣ ነገሩ ቅቤ አለበትና ረቡዕና ዓርብ ስትጋበዙ «አይ» ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ ጾም መሆኑን አስረዱ፣ ሐሙስ እንደምትበሉም ጨምራችሁ ንገሯቸው።